ከአንድ ቤት ሁለት ደብዳቤ

ሊፓ፣ ነብራስካ
ሐሙስ ጠዋት፣ ሚያዝያ 3 ቀን

ለምወድሽ ልጄ ለጃኔል፣

ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጀምር ደህና አይደለሁም። ታምሜያለሁ እንዳልልሽ ደግሞ ጉንፋን እንኳ የለብኝም። ደንግጫለሁ። ከማክሰኞ ከሰዓት ጀምሮ እንደደነገጥኩ ነኝ። ይኸው ሁለት አውሮፕላን ተሳፍሬ፣ ቤቴ ገብቼ፣ ድመቷን አብልቼ፣ አልጋዬ ላይ ተኝቼ ተነሥቼም አልለቀቀኝም። ስልክ ልደውልልሽ አንሥቼ ነበር። ግን በስልክ ከሆነ ወይ እጮኽብሻለሁ፣ ወይ አለቅሳለሁ፤ አንቺም "እሺ እማዬ፣ በኋላ እናወራለን" ብለሽ ትዘጊዋለሽ። ደብዳቤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይፍጅ እንጂ አይዘጋም።

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር፤ ያንቺን እደርስበታለሁ።

ካንሳስ እህቴ ጋ እሄዳለሁ ያልኩሽ ውሸቴን ነው። የሄድኩት ዋሽንግተን ነው። አዎ፣ እኔ፣ ከአባትሽ ጋር ኦማሃ እንኳ አድሬ የማላውቀው ሴትዮ። በክረምቱ መንግሥት ለጠፈር ሳይንስ የሚሰጠውን ገንዘብ ሊቀንስ ነው ሲባል በራዲዮ ሰማሁ፤ ይዘጋሉ ከተባሉት ውስጥ ደግሞ ሜዶላርክ አለችበት። ሳህን እያጠብኩ ነበር፣ ቧንቧውን ሳልዘጋ ቆሜ ቀረሁ። ስጠይቅሽ "እናያለን እማዬ" ብቻ አልሽኝ። ፈርተሽ መሰለኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስትጠብቂያት የኖርሽው መንኮራኩር ናትና፣ አፍሽ አልላቀቅ ብሎ ነው አልኩ። አንቺ በእሷው ሥራ ላይ ስላለሽ እንደራሴ ደጅ ሄደሽ መለመን እንደማይፈቀድልሽም አውቃለሁ። እንግዲያስ ልጅ ካልተፈቀደላት እናት አለች አልኩ። መጀመሪያ ለእንደራሴው ደብዳቤ ጻፍኩ። ከዚያ የሁለተኛ ደረጃዋ የፊዚክስ አስተማሪ ግሌንዳ ፍሮሊክ የጠፈር ወዳጆች ማኅበራቸው በየዓመቱ ዋሽንግተን እየሄደ እንደራሴዎችን እንደሚያናግር ነግራኝ፣ አንድ ቦታ አለ አለችኝ። ያዝኩት።

አንድ ቀን ሙሉ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ አሠለጠኑን። ስምና አድራሻ ተናገሩ፤ ታሪካችሁን በአንድ ደቂቃ ጨርሱ፤ የምትፈልጉትን ጠይቁ፤ አመስግኑና ውጡ፤ አትከራከሩ። እኔ ስለ ፕላኔቶች ስድስት ገጽ አጥንቼ ነበር። ግሌንዳ ወረቀቱን ከእጄ ነጠቀችኝ።

"አርሊን፣ አንቺ ስለ ሳይንስ አታውሪ። ስለ ሳይንስ የሚያወራ ሞልቷል። አንቺ እናት ነሽ፣ እናትነትሽን አውሪ።"

"የጠየቁኝን አልመልስም ማለት ነው?"

"እነሱ አይጠይቁም። ሰዓታቸውን ነው የሚያዩት።"

ባዶ እጅ አይሄድም ብዬ ደርዘን ኮላች፣ ያንን መሀሉ ፍራፍሬ ያለበትን ጣፋጭ ዳቦ፣ ጋግሬ ይዤ ነበር፣ ግማሹ የፕሪም፣ ግማሹ የአፕሪኮት። በር ላይ ያለው ጥበቃ ሳጥኑን በመሣሪያው ሁለት ጊዜ አሳለፈው። "ምንድን ነው ይሄ?" አለኝ። "ለእንደራሴያችን የጋገርኩት ነው" አልኩት። "እሱ ይበላዋል?" "ልጅ ሆኖ ይበላ ነበር።" ሳቀና አሳለፈኝ። ከኋላዬ የቆመው ባለ ክራቫት ሁሉ ሰዓቱን እያየ ነበር፤ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስነዳ መንገድ ሙሉ መኪና አስቁሜ የማውቅ ሰው ነኝና ምንም አልመሰለኝም።

እንደራሴያችን ክሊፍ ቮንድራ መሆኑን ታውቂያለሽ፣ የወተት ላም አርቢዎቹ የእነ ቮንድራ ልጅ። አምስት ዓመት በእኔ አውቶቡስ ነው ትምህርት ቤት የተመላለሰው። ስለዚህ ተማምኜ ነበር የገባሁት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይሄ ነው።

መጀመሪያ የተቀበለችን ረዳቱ ማሪሶል ናት፤ ሃያ አራት ዓመት ቢሆናት ነው፣ አባቷ የሥጋ ፋብሪካው ውስጥ የሚሠራ የሌክሲንግተን ልጅ። ኮምፒውተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ቢሮው ጠቦ ስለነበር ኮሪደር ላይ ወንበር ሰጠችን።

"አድራሻዎን ልመዝግብ" አለችኝ።

"ሦስት መቶ አሥራ ሁለት፣ ኤልም መንገድ፣ ሊፓ።"

ጻፈችና ጣቷ ቆመ። ከዚያ ሳቀች። "እናንተ ናችሁ እንዴ! ባለ ሁለት ሐሳቡ ቤት!"

"ምን አልሽ?"

"ከዚህ አድራሻ ሁለት ደብዳቤ አለን እኮ። በአንዱ ሜዶላርክ ትቀጥል፣ በአንዱ ትብቃ። ባልና ሚስት ተጣልተው ነው እያልን ቢሮው ሁሉ ሲስ…" ፊቴን ስታይ ሳቋ እዚያው ቀረ።

"ባሌ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው" አልኳት። "በዚያ ቤት ከእኔና ከድመቴ በቀር ሰው የለም።"

ኮምፒውተሩን ከደነችው። ፊቷ ቲማቲም መሰለ። "ይቅርታ፣ መናገር አልነበረብኝም። የሰው ደብዳቤ ነው፣ እባክዎ…" ግሌንዳ ደግሞ ምንም ሳይገባት "ሰው በስምሽ ጽፎ ይሆናል፣ ማጭበርበር ነው፣ ለፖሊስ ይነገር" እያለች ትጮሃለች። እኔ ክው ብዬ ተቀመጥኩ። የምርጫ ቢሮ ካርድሽ በየዓመቱ በእኔ ፖስታ ሣጥን እንደሚመጣ ትዝ አለኝ። አውስትራሊያ ብትኖሪም የምትመርጪው ከእኔ ቤት ነው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የእኛን ያወጣው ኮምፒውተር ነው።

ጃኔል፣ ያን ሰዓት እጄ ላይ የኮላች ሳጥን ባይኖር ምን እንደማደርግ አላውቅም። ሳጥኑን ጨምቄ ይዤው ነበር፤ በኋላ ሳየው ጎኑ ሁሉ ተጨማዷል። ልጄ? የገዛ ልጄ? አሥራ ዘጠኝ ዓመት በገና፣ በፋሲካ፣ በልደቷ ቀን ሳይቀር ያቺን መንኮራኩር ስትጠብቅ የኖረች ልጄ፣ ዝጓት ብላ ጻፈች? ለእኔስ ሳትነግረኝ?

ክሊፍ ያኔ ነው የመጣው። ድምፅ ሰጥቶ ወደ ሌላ ድምፅ መስጫ እየሮጠ ነበር። ሲያየኝ ቆመ።

"ወይዘሮ ሳዲሌክ! በበረዶ ከአውቶቡስ ያወረዱኝ!"

"በረዶ አልነበረም፣ ጭቃ ነበር። ደግሞ የሌላ ልጅ ጫማ በመስኮት ስለወረወርክ ነው።" እርስዎ እንድለው ሠልጥኜ ነበር፣ ግሌንዳም በእግሯ ጎሸመችኝ፤ ግን አፌ እንቢ አለኝ። "ልጄ ጻፈችልህ?"

ማሪሶልን አየ፤ እሷ መሬት መሬት ታያለች። ወደ ቢሮው አስገባንና በሩን ዘጋው። አንድ የፕሪም ኮላች አነሣ፣ ግን አልገመጠውም።

"እኔ አልነገርኩዎትም፤ የነገረዎት ኮምፒውተሩ ነው" አለኝ። "ደብዳቤውን ላሳይዎት አልችልም። ግን ጥሩ ደብዳቤ ነው። ሰው ሥራዬን ዝጉብኝ ብሎ ሲጽፍልኝ የመጀመሪያዬ ነው።"

ግሌንዳ ወረቀታችንን አቀረበችለት። ለጠፈር ሳይንስ ሁሉ ሙሉ ድጋፍዎን እንጠይቃለን የሚል ነው። አየውና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

"ሁሉንም ደግፍ የሚለኝ በቀን አሥር ሰው ይመጣል፤ እኔም እደግፋለሁ፣ ድምፄንም እሰጣለሁ። ግን ኮሚቴው ውስጥ የምጠየቀው ሌላ ነው። ገንዘቡ ከተቆረጠ በኋላ የቀረውን ለማን እንስጥ ነው የምንባባለው። አሮጌዋ ሜዶላርክ ከቀጠለች፣ ገና በዕቅድ ያለችው አዲሷ መንኮራኩር ጠረጴዛ ላይ ትቀራለች፤ አዲሷ ከተነሣች አሮጌዋ ትዘጋለች። ወይዘሮ ሳዲሌክ፣ አንድ ወንበር ቀርቶ ሁለት ልጅ መንገድ ዳር ቆመዋል እንበል። ማንን ይጭናሉ?"

"ሁለቱንም። አጠጋግቼ።"

ሳቀ። "እኔም ለሊቀ መንበሩ ይህንኑ ነው የምለው። አይሰማኝም።"

ለካ እንዲህ ነው የሚሠራው። እኔ ለሜዶላርክ መለመን ለሁሉም መለመን ነው ብዬ ነበር የሄድኩት። የሌላ ልጅ ወንበር እየለመንኩ መሆኔን ማን ነገረኝ? ቀጠለና፣ ከአንቺ ደብዳቤ በኋላ ልቡ ወደ አዲሷ አድልቶ እንደነበር ነገረኝ። ለሊቀ መንበሩ መልሱን የሚሰጠው ዓርብ፣ ማለት ነገ ነው።

"ግን ልጅዎ ያሉት አውስትራሊያ ነው" አለ። "እርስዎ ፊቴ ቆመዋል። ስለዚህ እሰማዎታለሁ።"

ግሌንዳ "ደቂቃሽን ተናገሪ" ብላ ጆሮዬ ላይ አንሾካሾከች። ተናገርኩ። እንደዚያ ተናግሬ አላውቅም። ሜዶላርክ ከመነሣቷ በፊት የፈለገ ሰው ስሙን ይላክ፣ በትንሽ ብረት ላይ ተቀርጾ አብሮ ይሄዳል ሲባል፣ አንቺ ገና ተማሪ ሆነሽ የራስሽን ትተሽ የአባትሽን ስም እንደላክሽ ነገርኩት። ሚሎ የምስክር ወረቀቱን መሣሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ "ከሊፓ ወጥቼ ማደር የማልወደው ሰውዬ ጸሐይን ጥዬ ልሄድ ነው" እያለ ለመጣው ሁሉ እንዳሳየ ነገርኩት። ሚሎ የእነ ቮንድራን የውሃ ጉድጓድ ሁለት ጊዜ ቆፍሯል፤ ክሊፍ ያውቀዋል። ዓይኑ እርጥብ ሆነ። ግሌንዳማ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

"ትቀጥል ነው የሚሉኝ?" አለኝ።

እዚህ ላይ ነው ጥፋቴ፣ ልጄ። ያንቺን ደብዳቤ ሰምቻለሁ። ለምን እንደጻፍሽ ባላውቅም በቀልድ እንደማትጽፊ አውቃለሁ። ላስብበት ማለት እችል ነበር። ልጄን ልጠይቃት ማለት እችል ነበር። "ትቀጥል" አልኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እጄን ጨበጠ፣ "እንግዲያው ትቀጥላለች" አለ፣ የድምፅ መስጫው ደወል ተደወለና ኮላቹን በአፉ ይዞ ሮጠ። ግሌንዳ ኮሪደሩ ላይ አቅፋ አዞረችኝ። በማኅበሩ ታሪክ እንዲህ ያለ መልስ አግኝቶ የወጣ የለም አለች። እኔ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። አሸንፌ ነበር። ያሸነፍኩት አንቺን ነው።

አሁን በአንቺ ልናደድ። ለምን አልነገርሽኝም? ለክሊፍ ቮንድራ፣ ጫማ በመስኮት ለሚወረውር ልጅ የሚነገር፣ ለእናት የማይነገር ምን ነገር አለ? ከቢሮው ስንወጣ ማሪሶል ተከትላን መጥታ፣ "ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አንድ ነገር ብቻ ልንገርዎ። መጨረሻው ላይ፣ እናቴ ሊፓ ናት፣ ካገኛችኋት እባካችሁ አትንገሯት ይላል" አለችኝ። ይቺ ልጅ ከሥራዋ እንዳትባረር ለማንም አትንገሪ። ግን አትንገሯት? እኔ ማን ነኝ? አውሮፕላኑ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ለውዝ ሲያቀርብልኝ እንደ ጠላት ነው ያየሁት።

ትናንት ቤት ገባሁ። ዛሬ ጠዋት እንደወትሮዬ ቡናዬን ይዤ፣ አንቺ ስልኬ ላይ የጫንሽልኝን የሜዶላርክን ርቀት የሚቆጥረውን ነገር ከፈትኩ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ በየቀኑ ያን ቁጥር አይቼ "እንደምን አደርክ፣ ሚሎ" እላለሁ። ለሳይንስ አልነበረም ዋሽንግተን የሄድኩት። ለአንቺም አልነበረም፣ ጃኔል። ለአንቺ ነው እያልኩ ነበር እንጂ።

ከሦስት ዓመት በፊት ስትመጪ ያልሽኝ ትዝ አለኝ። "እየቀዘቀዘች ነው እማዬ፣ በየዓመቱ አንድ ማሞቂያ እናጠፋባታለን። የቀራት አንድ መሣሪያ ነው፣ እሱም የሚነግረን ያንኑ ነው" አልሽኝ። እኔም "ብርድ ልብስ ደርቡላታ" አልኩሽ። አልሳቅሽም። ተነሥተሽ ሳህን ማጠብ ጀመርሽ፣ የታጠበውን ሳህን። ልትነግሪኝ ሞክረሽ ነበር ማለት ነው። እኔ ነኝ ያልሰማሁት።

ሌላም ትዝ አለኝ። አልጻፈውም ብዬ ሁለት ጊዜ ብዕሩን አስቀምጬ ተነሣሁ።

ሐኪሙ ከእንግዲህ ለአባትሽ መሣሪያው ብቻ ነው የሚተነፍስለት ሲለን፣ አንቺ "እማዬ፣ ይብቃው" አልሽኝ። እኔ "ይቀጥል" አልኩ። ፈራሚዋ እኔ ነበርኩና ቀጠለ። አሥራ አንድ ቀን። አንቺ ኮሪደር ላይ፣ እኔ ክፍሉ ውስጥ። ምን እንደመሰለ አይተሻል፤ እኔም አይቻለሁ፣ ከአንቺ ይልቅ በቅርብ። በኋላ አውስትራሊያ ሥራ አገኘሁ ብለሽ ሄድሽ። ስድስት ዓመት ስለ አየሩ፣ ስለ ድመቷ፣ ስለ ሜዶላርክ ስናወራ ኖርን፤ ስለዚያ አንድም ቀን አላወራንም። አሁንም ያው ሁለት ሐሳብ፣ ያው አንድ ቤት። "አትንገሯት" ለምን እንዳልሽ ዛሬ ገባኝ። ልክ ነበርሽ፣ ልጄ። ያኔም ልክ ነበርሽ።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ደወልኩ። ማሪሶል አነሣችው፤ ድምፄን ስትሰማ ተንተባተበች።

"አይዞሽ፣ ልጮህብሽ አይደለም" አልኳት። "ያንን ኮምፒውተር ክፈቺው። ኤልም መንገድ፣ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት። ከዚያ ቤት አሁን ያለው አንድ ሐሳብ ነው ብለሽ ጻፊ። የልጄ ሐሳብ።"

ስልኩን አሳልፋ ሰጠች። ቀጥሎ ክሊፍ ራሱ መጣ።

"ወይዘሮ ሳዲሌክ፣ እርግጠኛ ነዎት?"

"አይደለሁም። ጻፈው ብቻ። አዲሷን ጫናት። ደግሞ ለሊቀ መንበርህ ንገረው፣ አውቶቡሱ ይስፋ። በየዓመቱ አንዱን ልጅ መንገድ ላይ ጥሎ መሄድ የሾፌር ሥራ አይደለም። እሺ እስክትሉ ከግሌንዳ ጋር እመላለሳለሁ።"

"ኮላች ይዘው ይምጡ" አለኝ። ድምፁ እንደ ልጅነቱ ነበር።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ቆሜ ቀረሁ። ምን አደረግሁ? በሁለት ቀን ውስጥ አንዴ አስቀጠልኳት፣ አንዴ ዘጋኋት። ሥራሽስ? እዚያ ያሉት ጓደኞችሽስ? አዲሷ ላይ ይወስዷችኋል ወይስ ሜዳ ላይ ትቀራላችሁ? ይህን ሁሉ አስበሽበት እንደጻፍሽ አምናለሁ፤ ሳታስቢ የምትጽፊ ልጅ አልወለድኩም። ካልሆነ ግን ክፍልሽ እንዳለ ነው፤ የስፌት መኪናዬን ብቻ ነው ያስገባሁበት።

አንድ ነገር እለምንሻለሁ። የመጨረሻውን ትእዛዝ የምትልኪላት ቀን ደውይልኝ። እዚያ ቀን ይሁን እዚህ ሌሊት ግድ የለኝም። ቃሉ መንኮራኩሯ ጋ ለመድረስ፣ የእሷም መልስ ለመመለስ ብዙ ሰዓት እንደሚፈጅ ነግረሽኛል። ስልኩን ሳንዘጋ አብረን እንጠብቅ። ማውራት የለብሽም፤ ሥራሽን ሥሪ፣ እኔም ሹራቤን እሠራለሁ። ያኔ አንቺ ኮሪደር፣ እኔ ክፍል ሆነን ለየብቻችን ጠበቅነው። ይሄኛውን እንኳ አብረን እንሸኘው።

እግዚአብሔር በሄድሽበት ይጠብቅሽ፣ እጅሽን ያጽናልሽ፣ ምግብ ቆመሽ ከመብላት ያድንሽ። ተቆጥቼብሻለሁ፤ ሲበርድልኝ እነግርሻለሁ። እስኪበርድልኝ አትጠብቂ፣ ደውይ።

እናትሽ
አርሊን

የረሳሁት፦ ከምርጫ ቢሮ የመጣልሽን ካርድ ከዚህ ጋር አሽጌዋለሁ። የኑሮ አድራሻ ተቀይሮ እንደሆነ ይሙሉ ይላል። አትሙዪው።